የሊቀመንበሩ አስማት

ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል አይደል? ቴፒ ሳስተምር የኔ ግድግዳ ጆሮ ስሟ እትዬ በላይነሽ ነበር።

ጎረቤቴ ናቸው። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ጨው ሲያልቅብኝ ጨው ይሰጡኛል። ብቻ እንግዳ ሲመጣልኝ ከግድግዳው ማዶ ቁጭ ብለው ቡና መልቀም ይወዳሉ። አለቃቀማቸው ደግሞ ኮሽታ የለውም። ጊዜው የደርግ ነው፤ ኮሽ የማይል ነገር ሁሉ የሚያስፈራበት ጊዜ።

እኔ አማርኛ አስተምራለሁ፤ ጓደኛዬ ታደለ ሒሳብ። አንድ ዝናባማ እሁድ ታደለ ሣጥን ይዞ መጣ። ቡና ልማቱ ላይ ይሠራ የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ የተወለት ጨዋታ ነው። ውስጡ አንድ ወፍራም መጽሐፍና ፊታቸው የበዛ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ጠጠሮች አሉ። በምን ልንጫወት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ በአፋችን አለኝ።

ነገሩ ተረት ነው። ታደለ ዋሻ አለ፣ ዋሻው ውስጥ ጭራቅ አለ ብሎ ይጀምራል። እኔና ሁለት ጓደኞቻችን ተረቱ ውስጥ እንገባለን። እያንዳንዳችን አንድ ሰው ሆነን የምናደርገውን እንናገራለን፤ ይሳካ አይሳካ ጠጠሩ ይፈርዳል።

ችግሩ ሁላችንም አስማተኛ ካልሆንን ማለታችን ነው። ጎራዴ የሚይዝ ጠፋ! ታደለ ታዲያ አስማተኛም የሥራ ክፍል አለው ብሎ አስረዳን። አንዱ እንደ ደብተራ ከመጽሐፍ የተማረ ነው፤ ከሩቅ እሳት ይወረውራል፤ ግን ገላው እንቁላል ስለሆነ ከኋላ ይቆማል። አንዱ በጸሎት ቁስለኛ ያድናል። አንዱ አፍዝ አደንግዝ ነው፤ ጠላት የሌለውን እንዲያይ ያደርጋል።

አንዷ ተጫዋች የጤና ጣቢያዋ ድሬሰር አለምነሽ ነበረች። አንቺማ ፈዋሿ ነሽ ብንላት ተቆጣች። ሳምንቱን ሙሉ ቁስል ሳጥብ ከርሜ እሁድም ላጥብ? እሳቱን ስጡኝ አለች። እኔ አፍዝ አደንግዙን ወሰድኩ። ፈዋሹ ለኤልያስ ቀረ።

ኤልያስ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ የሸኮ ሰው፣ የቡና ችግኝ ሠራተኛ፣ ደግሞ ጴንጤ። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እሁድ መሄጃ አጥቶ ነው እኛ ጋ የሚመጣው። ጨዋታውን እንደ እባብ ነበር የሚያየው። "ጸሎቱ ለማን ነው?" ብሎ ጠየቀ። ታደለ መጽሐፉን ቢያገላብጥ መልስ አጣ። "እንግዲያው ለኔው ጌታ ነው" አለና ተቀመጠ።

እስቲ አንተ እትዬ በላይነሽን ሁን። በግድግዳ በኩል የሚሰማህ ይኼ ነው፦ "አለምነሽ፣ በሩን አቃጥይው! ኤልያስ፣ የቆሰለውን አውጣ! ዘበኞቹን እኔ አደነዝዛለሁ!" ምን ትላለህ? ጠርጥር፤ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር።

በማግስቱ አራታችንም ቀበሌ ተጠራን። ሊቀመንበሩ ጓድ ሽፈራው ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል። እዚያ ቢሮ ገብቶ ያልተመለሰ ሰው እናውቃለን። አለምነሽ እጄን ያዘችኝ።

"እሳት የምትወረውረው ማናት?"

"እኔ ነኝ ጓድ። ግን በጨዋታ ነው።"

"የሚያደነዝዘውስ?"

እጄን አወጣሁ።

"ትእዛዝ የምትቀበሉት ከማን ነው?"

"ከጠጠሩ" አለ ታደለ። ምነው ባልተናገረ!

ምለን ተገዝተን አስረዳን። ማን ይመነን? በመጨረሻ፣ ጨዋታ ከሆነ እዚሁ ተጫወቱ፣ እኔም እገባለሁ አለ ሊቀመንበሩ፤ ሣጥኑንም አስመጣ። ታደለ አስማተኞቹን ሲቆጥርለት የሰው ልብ የሚያነበው ጋ ሲደርስ አስቆመው። "እሱ እኔ ነኝ።" መቼስ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?

ዋሻው ገባን። ጓድ ሽፈራው የአንድ ሽማግሌ ልብ ሊያነብ ጠጠር ጣለ፤ አልሆነም። የዘበኛ ልብ ሞከረ፤ እሱም አልሆነም። "የኔ መረጃ ተሳስቶ አያውቅም!" ብሎ ጠረጴዛውን ደለቀው። ተናዶ ብቻውን ወደ ፊት ሲሄድ ጭራቁ በጥፊ ዘረረው።

ሊቀመንበሩ ከጠጠሩ ላይ ቀና አለ።

"ሞትኩ?"

"ሊሞቱ ነው" አለ ታደለ እየተርበተበተ፤ "ፈዋሹ ካልደረሰልዎ።"

ሁላችንም ወደ ኤልያስ ዞርን። ጸሎት ቤቱን በገዛ እጁ ያሸገው ማን ሆነና? ይኸው ሰውዬ። ኤልያስ አቀረቀረ። እኔ በሆዴ ያልጠራሁት ቅዱስ የለም።

"እጸልያለሁ" አለ በመጨረሻ። "ግን ድምፄን አውጥቼ ነው።"

ጸለየ። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ቀዩ ባንዲራ ሥር፣ በሸኮ ቋንቋ ጀምሮ በአማርኛ ጨረሰ። ለሊቀመንበሩ ልጆች ሳይቀር ጸለየ። ከዚያ ጠጠሩን ጣለ። ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ወጣ።

ጓድ ሽፈራው ግንባሩን ጠረገ። "ሂዱ" አለን። "እሁድ እመጣለሁ።"

መጣም። ከዚያ ወዲያ መምጣቱን አላቋረጠም። የፈራነው እንግዲህ መታሰርን ሳይሆን የሊቀመንበሩን መሞት ሆነ። በተረቱ ማለቴ ነው። ማን ደፍሮ ይግደለው? ታደለ ጠጠሩን ከመጽሐፉ ጀርባ እየጣለ ቁጥሩን ይዋሽለት ጀመር። የጭራቁ ሁሉ እጅ ሰለለ። ጓድ ሽፈራው የማያነበው ልብ ጠፋ።

ኋላ ወደ ማጂ ተዛወረ። ልንሸኘው ወጣን። ሻንጣውን ካስጫነ በኋላ ጠጋ አለንና፣ ታደለ እንደሚዋሽልኝ ከመጀመሪያውም አውቃለሁ አለ። ክው አልን።

"ያላወቅኩት አንድ ነገር ነው። ፈርታችሁኝ ነው ወዳችሁኝ?"

"ወደንዎት ነው!" አልን ሦስታችን ባንድ አፍ። ኤልያስ ብቻ መሬት መሬት ያያል።

ጓድ ሽፈራው እሱን ትክ ብሎ አየው። "እውነተኛው ይኼ ነው" አለ። "ፈርታችሁ ነው።" ይህን ብሎ መኪናው ላይ ወጣ።

አቧራው ሲበርድልን ኤልያስን ምነው ዝም አልክ፣ ልታስጨርሰን ነው ወይ አልኩት።

"ምን ልበል?" አለኝ። "እኔ እኮ የምሬን ወድጄው ነበር። ማን ያምነኛል?"