የመንግሥት ሕንፃ አይወዛወዝም

እኛ ክፍተት የሚባል ነገር አይሆንልንም። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተገናኝተው ጨዋታ ሲያልቅባቸው ዝም ብለው አይለያዩም፤ «እሺ፣ እንዴት ነው ታዲያ?» ይባባላሉ። መልስ የሚጠብቅ የለም፤ ቀዳዳ መድፈኛ ናት። ሠርግ ቤት በሁለት እንግዶች መሐል ግማሽ መቀመጫ ክፍት ከታየ አስተናጋጁ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ ሦስተኛ ሰው ይሰካበታል። ደብዳቤ ላይ እንኳ ከፊርማው በላይ ባዶ ቦታ ከተረፈ በመስመር እንሰርዘዋለን፤ ሌባ የሚገባበት ይመስል። በዚህ ጠባያችን ላይ ብዙ አስቤያለሁ። ማሰቤም ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድ ጊዜ አሰብ ላይ አራት ጣት የምታክል ክፍተት ደፍኜ የአንድ ደግ ሰው እንጀራ ዘግቻለሁ።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው። ከደሴ ተዛውሬ በአንድ መሥሪያ ቤት የግንባታ ክፍል ፕላን ነዳፊ ሆኜ እሠራ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ እሱም የእኔን ባይጠራ ደስ ይለኛል። ዳይሬክተራችን ባላምባራስ ጥላሁን ይባላሉ። አንድ ቀን ሰብስበውን፣ ወደቡ ላይ መርከብ ሲጠጋ የውጭ አገር ሰው መጀመሪያ የሚያየው የእኛን መሥሪያ ቤት መሆን አለበት አሉን። ስለዚህ ሰባት ፎቅ ይሠራል። ሰባት ፎቅ ምን ይደንቃል ትሉ ይሆናል፤ የዚያን ጊዜዋን አሰብ ካላያችሁ አልፈርድባችሁም። ከተማው ሁሉ ከመሬት ብዙም ባልተነሣበት፣ ሰማዩም ከሙቀቱ ብዛት ዝቅ ብሎ የሰው አናት ላይ በተቀመጠበት አገር ሰባት ፎቅ ሰማይ ጠቀስ ነው። እንዲያውም ይወጋዋል።

ሕንፃውን እንዲሠራ የተመደበው ኢንጂነር ዮሴፍ ነበር። በዕድሜ ታናሼ፣ በማዕረግ አለቃዬ ነው። እኔ እርስዎ ስለው እሱ ጋሽ ወርቁ ይለኝ ነበር። ዛሬ ሳወራ «እሱ» የምለው ንቄው አይደለም፤ አንቱ ለማለት ፊት ስለሌለኝ ነው።

ይህ ሰው እንደ መጣ ወረቀት ይዘረጋል ብለን ስንጠብቅ አንድ ወር ሙሉ መሬት ሲያስቆፍር ከረመ። ዓሣ አጥማጁን፣ ከደባይሲማ በኩል የሚመጣውን ግመል ነጂ፣ ያገኘውን ሁሉ መሬቱ መቼ ተንቀጠቀጠ፣ ምን ጣለ፣ ወደ የት ጣለ እያለ ይጠይቃል። ዘበኛችን ሑመድ የራሔይታ ሰው ነው። ሲጠየቅ፣ መሬቱ ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ የእኛ ቤት ግን ምንጣፍና እንጨት ስለሆነ ቢወድቅም ይስቃል እንጂ አይገድልም አለ። ቀጥሎም በተራው ጠየቀ፤ ይህን ሰባት ፎቅ ከዚህ ስትነሡ በስንት ግመል ነው የምትጭኑት? ሁላችን ሳቅን። ኢንጂነር ዮሴፍ ብቻ ሳይስቅ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ንድፉ መጣ። እኔ በእጄ የሳልኩት ስለሆነ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። ምሰሶና ወለል የሚገናኙበት ቦታ ላይ ፌሮውን የሚያስሩት ቀለበቶች ተጠጋግተው ከመደርደራቸው የተነሣ ሠራተኛው «ይህ ሰውዬ ቢሮ ነው የአንበሳ ማጎሪያ ነው የሚሠራው?» እያለ ያጉረመርም ነበር። ባላምባራስ ስለዚህ ሁሉ ፌሮ ማብራሪያ ቢጠይቁ ኢንጂነሩ በትሕትና አስረዳ፤ ምድር ስትንቀጠቀጥ ሕንፃው አብሯት መወዛወዝ አለበት፣ የማይወዛወዝ ይሰበራል፣ ይህ ሁሉ ብረት ሳይበጠስ እንዲወዛወዝ ነው። ባላምባራስ መነጽራቸውን አወለቁ። «የመንግሥት ሕንፃ አይወዛወዝም» አሉ። «ይህን ቃል ከዚህ ክፍል ውጭ እንዳልሰማው።» እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ዘመን መንግሥትና መወዛወዝን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ለጤና ጥሩ አልነበረም።

ጣጣው የመጣው ግን ከክፍተቷ ነው። ከሰባቱ ፎቅ አጠገብ ለመዝገብ ቤትና ለዕቃ ግምጃ ቤት የሚሆን ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ይሠራ ነበር። ኢንጂነሩ በሁለቱ መሐል ከመሠረት እስከ ጣሪያ አራት ጣት ክፍት ቦታ ተወ። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «ጋሽ ወርቁ፣ ረጅምና አጭር ሰው አጠገብ ለአጠገብ ሲሮጡ እርምጃቸው ይገጥማል? ካላራራቅናቸው ይጋጫሉ» አለኝ። ክፍተቷን የሚሸፍን ስስ ቆርቆሮም አዝዞ ነበር። ቆርቆሮው መርከብ ላይ ነው ይባላል፤ የትኛው መርከብ እንደሆነ የሚያውቅ ግን አልነበረም።

ሕንፃው አልቆ ቀለም ተቀባ። ሊመርቅ ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ይመጣል ተባለ። በዚያው ሰሞን የኢንጂነሩ ሚስት አሥመራ ወለደችና እሱ ፈቃድ ወጣ። ሲሄድ አደራ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ክፍተቷን ጠብቅልኝ። ግንበኞቹ የተረፈ ሲሚንቶ እንዳይጥሉባት፤ አንዲት ጠጠር እንኳ እንዳትገባ።» እኔም በአምስት ልጆቼ ስም ማልኩለት። ምናለ በሌላ ነገር በማልኩ!

በማግሥቱ ባላምባራስ ሕንፃውን ሲዞሩ ቆሙ። በዱላቸው ክፍተቷን እየነኩ ይህ ስንጥቅ ምንድነው አሉ። ስንጥቅ አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተተወ ነው ብዬ አስረዳሁ። ስለ ረጅምና አጭር ሰውም ነገርኳቸው። በትዕግሥት ከሰሙኝ በኋላ፣ ትልቁን ሰው ከአዲስ አበባ አምጥቼ «ይኸውልዎ፣ ሆን ብለን የሰነጠቅነው ሕንፃ» ልበላቸው ነው የምትለኝ? አሉ። እኔም ያለ የሌለ ወኔዬን አጠራቅሜ፣ እንግዲያው ትእዛዙ በጽሑፍ ይሁንልኝ አልኩ። ባላምባራስ አልተቆጡም። ቢቆጡ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

«ወርቁ፣ ልጆችህ ስንት ናቸው?»

አምስት ናቸው አልኩ።

«እግዜር ያሳድግልህ» ብለው ሄዱ።

ትእዛዝ ማለት ይህ ነው። ወረቀት የለው፣ ማኅተም የለው፣ ግን ከዚያ የበለጠ የገባኝ ደብዳቤ በሕይወቴ አላነበብኩም። ሁለት ግንበኞች ጠርቼ ክፍተቷን በብሎኬት ስባሪና በሲሚንቶ አስጠቀጠቅኩ። ላዩን አስለሰንኩ፣ ቀለም አስቀባሁ። ደግሞ ሥራ አላበላሽም፤ ይህ ክፉ ጠባዬ ነው። ለይስሙላ ላዩን ብቻ ብደፍናት ኖሮ ምናልባት ባልጎዳች፤ እኔ ግን እስከ ውስጥ ድረስ በዘንግ እየወቀጥኩ ደፈንኳት። ትልቁ ሰው ሪባኑን ቆርጠው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉና እንዲህ ያለ ልስን አዲስ አበባም አላየሁ አሉ። ባላምባራስ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ኢንጂነር ዮሴፍ ሲመለስ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳው። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «በደንብ ደፍነሃታል፣ ጋሽ ወርቁ» ብቻ አለኝ። ክፍተቷ ባስቸኳይ ትከፈት ብሎ ለባላምባራስ ደብዳቤ ጻፈ። የተሠራን ማፍረስ የመንግሥትን ንብረት ማባከን ነው የሚል መልስ መጣለት።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ጧት ሥራ እንደገባን፣ ምድር ተንቀጠቀጠች። ትልቅ አልነበረም፤ ሑመድ ኋላ ሲናገር፣ ግመሎቹ ከተኙበት እንኳ አልተነሡም ብሏል። ሰባቱ ፎቅ እንደታዘዘው ሳይሆን እንደተሠራው ተወዛወዘ። ቀለበቶቹ ያዙት፤ አንድም ወለል አልወረደም። የደፈንኳት ቦታ ላይ ሲደርስ ግን መሄጃ አጣ። የአጭሩ ሕንፃ ጣሪያ የረጅሙን ምሰሶ ወገቡ ላይ መታው። ድምፁ የመድፍ ነበር። የሞላሁት ብሎኬት ከነልስኑ ተፈንቅሎ በመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በአቶ በየነ ላይ ወደቀና እግራቸውን ሰበረው። ያ እግር ዳግመኛ ቀጥ አላለም።

አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሙቀቱ ስለጠናባቸው ቶሎ መጨረስ ይፈልጉ ነበር። ሕንፃው የተሰነጠቀው የት ላይ ነው? እዚህ ላይ። ፕላኑ ላይ እዚህ ቦታ ምን አለ? ክፍተት። ማን ተወው? ኢንጂነር ዮሴፍ ተነሥቶ ቆመ። «እኔ ነኝ የተውኩት። ነገ ብሠራውም እተወዋለሁ» አለ። ጸሐፊው ምን ብሎ እንደመዘገበው በዓይኔ አይቻለሁ፤ «ጥፋቱን አምኗል፣ ለወደፊቱም እንደሚደግመው ዝቷል» ይላል። ክፍተቷ ትከፈት ብሎ የጻፈው ደብዳቤም ወጣ። ያድነዋል ብዬ ስጠብቅ ሰብሳቢው ጮክ ብሎ አነበበና ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላው ሰው የደፈነውን እሱ በጽሑፍ ይሰንጠቅ ብሎ ጠይቋል!

ተራው የእኔ ሆነ። ሦስት ቀን ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። ትእዛዙን፣ ዱላውን፣ አምስቱን ልጆች፣ ሁሉንም ልናገር ነበር። ሰብሳቢው የደፈንከው አንተ ነህ ወይ አለኝ። ባላምባራስ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ ፈገግ ብለው ልጆቹ ደኅና ናቸው ወይ አሉኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ አባቶቻችን፤ በእኔ አፍ ውስጥ ግን ሙሉ መንጋ ነበረበት። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩና ተቀመጥኩ።

ይኼኔ ኢንጂነር ዮሴፍ እንደገና ተነሣ። ለራሱ መሰላችሁ? «በሱ አትፍረዱበት፤ የታዘዘ ሰው ነው» አለ። ማን አዘዘው ብሎ የጠየቀ የለም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባል የለ? እኛ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ አንዳንድ ትንንሽ ንጉሥ ነበረን። ኮሚቴው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሊመታ ተነሣ፤ ዳውላው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ኢንጂነር ዮሴፍ ከሥራ ተሰናበተ፤ ዳግመኛም በመንግሥት ሥራ እንዳይቀጠር ተወሰነ። ሚስቱንና ያንን ጨቅላ ይዞ በጭነት መኪና ጋቢና ወደ ደሴ መንገድ ሲነሣ ልሸኘው ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፤ ሻንጣውን ብቻ ጫንኩለት። እሱ ግን ስለ ራሱ አልተናገረም። «ምሰሶው ወገቡ ላይ ተመቷል። ልስኑን አትመነው፣ ውስጡን አስከፍተህ እየው። እስኪጠገን ሰው እንዳይገባ አድርግ» አለኝ። እየሮጥኩ ሄጄ ለባላምባራስ ነገርኩ። «ለስነው» አሉኝ። ለሰንኩት።

አቶ በየነ ከሐኪም ቤት ሲወጡ የኮሚቴውን ሪፖርት ያነበበላቸው ሰው ነበር። በከዘራ እያነከሱ ቢሮዬ ድረስ መጡ። «እግዜር ይስጥህ፣ አቶ ወርቁ» አሉኝ። «አንተ ያንን ስንጥቅ ባትደፍንልን ኖሮ አልቀን ነበር አሉ።» ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝ። እኔም፣ ከአፈር በታች ያድርገኝና፣ «ምን አደረግሁ ብለው» አልኳቸው።

በወሩ የምስጋና ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ይህኛው ማኅተም ነበረው። «ጉድለትን በራሱ ተነሣሽነት በማረም ላሳየው ንቃት» ይላል። በኢንጂነሩም ወንበር እኔን ተኩኝ፤ በሥራችን የሚወጣ ፕላን ሁሉ በእኔ እጅ አልፎ እንዲጸድቅ ታዘዘ። ከዚያ ወዲህ ከጥዖ እስከ ራሔይታ መሥሪያ ቤታችን የሠራው ሕንፃ ሁሉ የእኔ ፊርማ አለበት። አንድም ክፍተት አታገኙበትም። እዚያ የምትሠሩ ካላችሁ ወንበራችሁን ወደ በሩ ጠጋ አድርጉ።