አንድም ሰው ያላማረረበት ፕሮግራም

(የአንድ ክሊኒክ መግቢያ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። የኮምፒውተር ባለሙያው ላፕቶፑን ታቅፎ ቆሟል። ሰው «ሊቁ» ይለዋል፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ዘበኛው የተራ ቁጥር ካርቶኖች ያሉበትን የጫማ ሳጥን ብብታቸው ሥር ሸጉጠዋል።)

ሊቁ፦ አባባ፣ ሳጥኑን ይጣሉት አልኩ እኮ።

ዘበኛው፦ ሰማሁ።

ሊቁ፦ ታዲያ ለምን አይጥሉትም?

ዘበኛው፦ ሰማሁ እንጂ እሺ አላልኩም።

ሊቁ፦ ዶክተሯ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ከዛሬ ጀምሮ በሽተኛ ተራ የሚይዘው በስልኩ ነው። ያንን ካርቶን ቢያዩ ምን ይሉኛል? ያለፈው ፕሮግራሜ የቆመ ጊዜ ያሉኝን ረሱት?

ዘበኛው፦ በሩ ላይ ነበርኩ። «አንድ ጊዜ ደግሞ ካበላሸህ ላፕቶፕህን ይዘህ በዚያው» አሉህ።

ሊቁ፦ ዛሬ አይበላሽም። በአሥራ አንድ ዓይነት ስልክ ሞክሬዋለሁ።

ዘበኛው፦ የማን የማን?

ሊቁ፦ የእኔ፣ የሚስቴ፣ የወንድሜ፣ የጓደኞቼ።

ዘበኛው፦ አዳዲስ ናቸው?

ሊቁ፦ እንዴታ። የተሰነጠቀ ስልክ የሚይዝ ጓደኛ የለኝም።

ዘበኛው፦ (የራሳቸውን ያወጣሉ። በላስቲክ ታስሯል።) እንደዚህ ያለስ አለበት?

ሊቁ፦ ይሄ ስልክ ነው?

ዘበኛው፦ ሴቷ ልጄ ስትደውል ያገናኘናል።

ሊቁ፦ አይዘኑ፣ እሱም ታስቦበታል። ስልክ እንደ ሰው ነው፤ አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ዘገምተኛ፣ አንዱ ሆዱ ሞልቶ መተንፈስ የማይችል። ስለዚህ ሥራ ሳይጀምር ለሁለት መቶ ሰው ላክሁት። በእኛ ሙያ የቤታ ሙከራ ይባላል። ሰዉ በየስልኩ ይሞክርና ጉድለቱን ይነግርሃል።

ዘበኛው፦ ምን ነገሩህ?

ሊቁ፦ አርባ ሦስት ሰው ጻፈ። አርባ ሦስቱም «በጣም ቆንጆ ነው» ይላል። አንዷማ ልጆችህን ያሳድግልህ ብላኛለች።

ዘበኛው፦ ልጅ አለህ?

ሊቁ፦ የለኝም። ዋናው ነገር ቅሬታ አለመኖሩ ነው።

ዘበኛው፦ የቀሩትስ?

ሊቁ፦ መቶ ሃምሳ ሰባቱ? ዝም አሉ። ዝም ያለ ደንበኛ የረካ ደንበኛ ነው።

ዘበኛው፦ እውነትህን ነው። እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር።

ሊቁ፦ እርስዎ ደግሞ የት?

ዘበኛው፦ በበሩ ደወል ጉዳይ። ያለፈው ወር በሽተኛ ቀነሰና ዶክተሯ ጠሩኝ። ደወሉ ይሠራል ወይ ቢሉኝ፣ ይሠራል፣ ተበላሸ ብሎ የደወለልኝ አንድም ሰው የለም አልኳቸው። ለካ ሽቦው ከተቆረጠ ሳምንት ሆኖታል።

ሊቁ፦ (ሆዱን ይዞ ይስቃል።) አባባ፣ ደወሉ ከሞተ በምን ደውለው ይንገሩዎት?

ዘበኛው፦ እሳቸውም እንደዚያው ብለው ነው የሳቁብኝ። ሁለት ቀን ሙሉ።

ሊቁ፦ ይሄን ለጓደኞቼ ሳልነግር አላድርም።

ዘበኛው፦ ንገራቸው፣ ምን ገዶኝ። እኔ የምለው ግን፣ ያንተ ሰው ቅሬታውን የሚጽፍልህ በየት በኩል ነው?

ሊቁ፦ ቀላል ነው። «ችግር አለ» የሚል ቀይ ቁልፍ አለ።

ዘበኛው፦ የት?

ሊቁ፦ ፕሮግራሙ ውስጥ ነዋ። ከፍተው ሲገቡ ከላይ በስተቀኝ።

ዘበኛው፦ ከፍተው ሲገቡ።

ሊቁ፦ አዎ፣ ከፍተው...

(ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ይደርቃል። ከአጥሩ ውጭ የሰው ድምፅ ይሰማል።)

ሊቁ፦ እስቲ ስልክዎን ይስጡኝ።

ዘበኛው፦ ስልክ ነው እንዴ?

ሊቁ፦ አባባ፣ በሞቴ። (ተቀብሎ ፕሮግራሙን ይጫናል። ይጠብቃል። እንደገና ይጫናል።) ነጭ ሆኖ ቀረ። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚለው?

ዘበኛው፦ ከላክልኝ ቀን ጀምሮ። ከሁለት መቶዎቹ አንዱ እኔ ነኝ።

ሊቁ፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ስንተያይ እንዴት አይነግሩኝም?

ዘበኛው፦ በመጀመሪያው ቀን ቢሮህ ድረስ መጥቼ ነጭ ሆኗል አልኩህ። «አስተያየት የምቀበለው በቁልፉ ብቻ ነው» ብለህ በሩን ዘጋህብኝ። እኔም ቁልፉ እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነው።

ሊቁ፦ (በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ ያያል።) ውጭ ስንት ሰው አለ?

ዘበኛው፦ አርባ ስድስት።

ሊቁ፦ ስልካቸውስ?

ዘበኛው፦ አብዛኛው የእኔው ስልክ ዘመድ ነው። አንዲት እናት ነጭ የሆነውን ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው እስኪናገር ይጠብቃሉ።

ሊቁ፦ ታዲያ እንዴት አልተጣሉም? ተራው በምን ታወቀ?

ዘበኛው፦ (ሳጥኑን መታ መታ ያደርጋሉ።) ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ስሰጥ ነው ያረፈድኩት።

(የመኪና ጥሩምባ። ዶክተሯ ደረሱ። ሊቁ ላፕቶፑን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው ያዛውራል።)

ሊቁ፦ አባባ፣ ውለታ ልጠይቅዎት። ከሁሉ ቀድሜ እሳቸው ዘንድ ልግባ። ከሰው አፍ ከሚሰሙት እኔው ልንገራቸው።

ዘበኛው፦ (ሳጥኑን ከፍተው ካገላበጡ በኋላ አንድ ካርቶን ያቀብሉታል።) አርባ ሰባት።

ሊቁ፦ እኔ እኮ በሽተኛ አይደለሁም።

ዘበኛው፦ ፊትህን ስላላየኸው ነው፣ ልጄ። ውጣና ተሰለፍ። ቅሬታ ካለህ ደወሉን ተጫን።

ሊቁ፦ ደወሉ ተሠርቷል?

ዘበኛው፦ አልተሠራም ብሎ የደወለልኝ የለም።