የታረቀው ጣሪያ

ጣሪያ ሲያፈስ ወዴት ነው የሚኬደው? ቆርቆሮ መቺ ጋ እንዳትሉኝ! እሱ የራሱ ቤት ላለው ሰው ነው። እኔና ጎረቤቴ እትየ ጥሩነሽ የምንኖረው ደባርቅ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ጣሪያችን አንድ፣ መሀላችን ስስ የጭቃ ግድግዳ። እሳቸው ሲያስነጥሱ «ይማርዎ» የምለው እኔ ነኝ። ታዲያ በቀበሌ ቤት ላይ ያለ ፈቃድ ሚስማር መምታት ቀርቶ ድንጋይ መጫንም ክልክል ነው።

ያን ዓመት ንፋሱ ቆርቆሮውን በሦስት ማዕዘን ከሚስማሩ አላቀቀው። አንደኛው ልክ ከእትየ ጥሩነሽ አልጋ በላይ ነው። እሳቸው ደግሞ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ደረታቸው ብርድ የማይችል ሴት ናቸው። በቀደመው ዓመት ክረምት የሳንባ ምች ይዟቸው ለጥቂት ነው የተረፉት። ሰኔ ሲገባ፣ እውነቴን ነው፣ ፈራሁላቸው።

ቀበሌ ሄዱ። ሊቀመንበሩ፣ ክርስትና ሲነሳ ያየሁት ልጅ፣ መመሪያው ተቀይሯል አላቸው። ከእንግዲህ የቀበሌ ቤት ኃላፊነት የቀበሌውና የአገር ሽማግሌዎች የጋራ ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቹን ያነጋግሩ። ሽማግሌዎቹ ጋ ሄዱ። የሽማግሌዎቹ አለቃ መሪጌታ አድማሱ ደግሞ ኃላፊነቱ የጋራ ከሆነ እኛ ብቻችንን መወሰን ድፍረት ይሆንብናል አሉና ወደ ቀበሌ መለሷቸው። እኔ ሞኙ፣ ኃላፊነት ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ግማሽ ይደርሳል ብዬ ነበር። ለካ ሁለቱም ሙሉውን ለሌላው መስጠት ይችላሉ!

በሦስተኛው ምልልስ የእትየ ጥሩነሽ ትዕግሥት አለቀ። በገበያ ቀን፣ በሰው መሀል ሊቀመንበሩን አስቁመው፣ «አንተ መናጢ! እናትህንስ እንዲህ ውሽንፍር ላይ ታስተኛት ነበር?» ብለው አዋረዱት።

ይሄኔ ሽማግሌዎቹ ነቁ። ጠብ ተነሳ አይደል? ስለ ቆርቆሮ ምንም አያውቁም፤ ጠብ ማብረድ ግን ሥራቸው ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋቢያቸውን ደርበው ግቢያችን ውስጥ ተደረደሩ። በደንቡ መሠረት፣ ተሰዳቢ ቢሆንም አሮጊት ያስቀየመ እሱ ነውና፣ ሊቀመንበሩን አንገቱ ላይ ድንጋይ አሸክመው አቀረቡት። ድንጋዩ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ግልገል ያህላል። እየተንገዳገደ «ይማሩኝ» አለ። መሪጌታ «ስለ ማርያም!» ሲሉ ሌሎቹም ተቀበሏቸው።

«ጣሪያዬስ?» አሉ እትየ ጥሩነሽ።

«እሱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ልባችሁ ይጠገን» አሉ መሪጌታ።

በማርያም ስም ተለምነው ምን ይበሉ? «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ድንጋዩ ወረደ። መሪጌታ ይህን እርቅ ያፈረሰ ውጉዝ ይሁን ብለው ገዘቱ። ከዚያ ጠላ ተጠጣ። የራሳቸውን የእትየ ጥሩነሽን ጠላ እኮ ነው!

በማግሥቱ ስለ ጣሪያው ሊጠይቁ ቀበሌ ቢሄዱ፣ ሊቀመንበሩ «ታርቀን የለም እንዴ?» ብሎ ተገረመ። መሪጌታ ጋ ሲሄዱማ ግዝቱን አስታወሷቸው። የቀበሌው ሰሌዳ ላይ ደግሞ «የቤት ቅሬታ በጋራ ጥረት ተፈቷል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል።

ደሜ ፈላ። ለወረዳ ማመልከቻ ልጽፍ ወረቀት ሳወጣ እትየ ጥሩነሽ ከደጅ ጠሩኝ። መሰላል ተውሰው ከግድግዳው ጋር አስደግፈዋል። የእርቁ ድንጋይ እግራቸው ሥር ተቀምጧል።

«ከአልጋዬ በላይ ወዳለው ማዕዘን አውጣልኝ» አሉ።

ክልክል መሆኑን አስታወስኳቸው።

«ሊቀመንበሩ በገዛ አንገቱ ተሸክሞ ያመጣው ድንጋይ ነው፤ ማን ነው ሕገወጥ የሚለው?»

ወገቤ እስኪቆረጥ ተሸክሜ ወጣሁና ጫንኩት። ቆርቆሮው ጸጥ አለ። ያን ሌሊት ዝናቡ ወረደ፤ ከግድግዳው ወዲያ አንድም ሳል አልሰማሁም።

ጠዋት የቀሩት ሁለት ማዕዘኖች እንዴት ሊሆኑ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። እትየ ጥሩነሽ ነጠላቸውን እያጣፉ ወደ ገበያ ሊወጡ ነበር።

«አትቸኩል ልጄ» አሉኝ፤ «ዛሬ መሪጌታን ልሰድባቸው እየሄድኩ ነው።»