ሰውን ሁሉ ሐኪም ቤት የሚልከው ጸጉር አስተካካይ

የሌላውን ሰው ሕመም ከመንገድ ማዶ አይቶ የሚለይ፣ የራሱን ግን አብሮት እያደረ የማያውቅ ሰው የሌለበት ሰፈር በዚህ አገር የለም። አለ የሚል ካለ ይንገረኝ፤ ዛሬውኑ ዕቃዬን ጭኜ እዚያ እከራያለሁ። ለእኛ ለቡራዩዎቹ የደረሰን ሸምሰዲን ነው።

ሸምሰዲን ጸጉር አስተካካይ ነው። ቤቱ ከታክሲ ማዞሪያው ከፍ ብሎ፣ ከጎማ ጥገናው አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ዕድሜው ሃምሳን እየነካ ነው፤ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ቀኝ እጁ ከቶንዶስ ተለይቶ አያውቅም። ደንበኞቹ «ክቡር ዶክተር» እንለዋለን። መጀመሪያ በፌዝ ነበር፤ እሱ ግን ማዕረጉን ያለ ምንም ማንገራገር ተቀበለው፤ አሁን እኛም ፌዙ የቱ ጋ እንደነበር ረስተነዋል።

የክቡር ዶክተር ልዩ ሙያ እጅ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ጭንቅላት ይዞ እየዋለ ስለ ራስ ምታት አንድ ቃል አይተነፍስም። እጅ ሲያይ ግን ዝም ማለት አይችልም። ሰላም ብላችሁ ስትጨብጡት እንኳ ቶሎ አይለቃችሁም፤ ያገላብጠዋል፣ ጣት በጣት ያየዋል። «ሰው ማለት እጁ ነው» ይላል።

በቅርቡ ጎረቤቴ ኤቢሴ የበኩር ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጉር ልታስቆርጥ ይዛው መጣች። ሕፃኑን ከጭኗ ላይ ብድግ ስታደርግ ፊቷ ጭምድድ አለ። ሸምሱ ቶንዶሱን አጠፋ።

«አውራ ጣትሽ ሥር፣ አንጓው ላይ ነው አይደል የሚያምሽ?»

«የአራስ ብርድ ነው ትላለች አማቴ።»

«አማትሽ ውስጡ ገብታ አይታዋለች?» አላት። «ሕፃኑን በአውራ ጣትሽ እየነጠቅሽ ስታነሺ ጅማቱ ተቆጥቶ ነው። ከሥር በመዳፍሽ ደግፈሽ አንሺው። አሳርፊው። አልተውሽም ካለ ደግሞ ሐኪም ቤት ሂጂ፤ ቅቤ እየቀባሽ አትክረሚ።»

አልተዋትም፤ ሄደች። እጇን የሚደግፍ ማሰሪያ ሰጧት፣ ሸምሱ ያላትንም ደገሙላት፣ ቀስ በቀስ ተሻላት። አማቷ ግን እስከ ዛሬ በሸምሱ በር ስታልፍ ፊቷን ወደ ጎማ ጥገናው ታዞራለች።

ከዚያ በፊት ደግሞ የገመቺስ ነገር አለ። ገመቺስ ከሱሉልታ ድንጋይ የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ከመኪናው ሲወርድ አዳልጦት በእጁ ተደግፎ ወደቀ። ወጌሻ ዘንድ ሄደ፣ ታሸ፣ በቀርከሃ ጥርቅም ተደርጎ ታሰረ። በማግሥቱ የዘመድ ሠርግ ነበረበትና ሊላጭ እኛ ጋ መጣ። ወንበሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ግማሽ ፊቴ ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው።

«ሀርካ ኬ አርጊሲሲ» አለው ሸምሱ ምላጩን እንደያዘ። እጅህን አሳየኝ ማለቱ ነው።

ከማሰሪያው ብቅ ያሉት ጣቶች ጠቁረዋል። ሸምሱ ነካ ነካ አደረጋቸው።

«ቀዝቅዘዋል። ስነካህ ይሰማሃል?»

«ደንዝዟል። ሕመሙም አላስተኛኝም። ወጌሻው ግን ጠበቅ ሲል ነው የሚጠግነው ብሎኛል።»

ሸምሱ የማሰሪያውን ገመድ በመቀስ ቆረጠ፣ ምላጩን አስቀመጠ፣ ባጃጅ ጠራ፣ ሰውዬውን ይዞ ሄደ። እኔን ማንም አላስታወሰኝም። በግማሽ ፂም ደግሞ ከዚያ ወንበር ተነሥቶ የትም መሄድ አይቻልም፤ አረፋው ፊቴ ላይ እየደረቀ እንደ እስረኛ ተቀመጥኩ። የገባው ሁሉ አየኝ። አንዳንዱ አዲስ ፋሽን መስሎት ጠየቀኝ። ከሰዓት በኋላ ሸምሱ ተመልሶ «አለህ እንዴ?» አለኝ።

የገመቺስ አጥንት ተሰብሮ ኖሯል። እስከ ማታ ቆይቶ ቢሆን ጣቶቹን ማዳን እንደሚያስቸግር ሐኪሞቹ ነግረውታል። ገመቺስ ዛሬም ከሱሉልታ ሲመጣ ለሸምሱ ወተት ይዞለት ይመጣል። ለእኔ ግማሽ ፂም ማንም ምንም ይዞ አልመጣም።

እስካሁን ያወራሁላችሁ ሰው ጻድቅ ይመስላል። ንዴቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ሸምሱ ሥራውን መሃል ላይ ማቆም አመጣ። ቶንዶሱን ያስቀምጥና ቀኝ እጁን፣ ታጥቦ ፎጣ እንዳጣ ሰው፣ ያራግፋል። ምን ሆነህ ነው ስንለው «ብርድ ነው» ይላል። ክረምቱ ወጣ፣ መስከረም ጠባ፣ የካቲት ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ የሸምሱ ብርድ አልወጣም። የሱፍ ጓንት አደረገ። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ተቀባና እኛንም አሸተተን። ስልክ ሲያወራ እጁ ስለሚደነዝዝ ወደ ግራ ያዛውረዋል። መቀስ ይወድቅበት ጀመር። ከመቀሱ በታች የምቀመጠው እኔ ነኝና ስለ ጆሮዬ ብጨነቅ ራስ ወዳድ አትበሉኝ።

ሚስቱ ራቢአ ጥግ ላይ ሱቅ አላት። አንድ ቀን በሩ ላይ አስቆመችኝ።

«ወንድሜ፣ አንተን ይሰማህ እንደሆነ ንገረው» አለችኝ። «ሌሊት ሌሊት እጁ እየቀሰቀሰው ከአልጋው ላይ አንጠልጥሎ ሲያራግፍ ነው የሚያድረው። ኩባያ አልበረክት አለን። የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ለሰው ሲሆን ሐኪም ነው፤ ለራሱ ሲሆን ግን ግድግዳ።»

ሄጄ ነገርኩት።

«ኤቢሴን ምን ነበር ያልካት?»

«ኤቢሴ ልጅ ትታቀፋለች።»

«ገመቺስስ?»

«ገመቺስ ወደቀ። እኔ የት ወደቅኩ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የምትለው አንተ አይደለህም?»

«መች ደበቅኩ? ብርድ ነው ብዬ እየተናገርኩ አይደል?»

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም እያልኩ እስከ ታክሲው ድረስ አጉረመረምኩ። ረዳቱ እሱን የሰደብኩት መስሎት ተቆጣኝ። በሸምሱ ጦስ እሱንም ይቅርታ ጠየቅኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። ሸምሱ ጣቱ ታጥፎ እየተቆለፈበት፣ በሌላኛው እጁ ካልጎተተው ቀጭ ብሎ ስለማይፈታለት አንድ የሰበታ ብረት በያጅ ያወራናል። «አትጎትተው፣ ዛሬ ነገ አትበል፣ ታይ አልኩት» እያለ ከፈላ ውሃ ውስጥ ፎጣ በሦስት ጣቶቹ አነሣ። እንፋሎቱ ይወጣል፤ ወሬው ይቀጥላል፤ ፎጣው ከእጁ አይወርድም። መጨረሻ ላይ ገና ያልደነዘዘችው ትንሿ ጣቱ ፎጣውን ነካችው። ያን ጊዜ ደንግጦ ጣለው።

ሦስቱ ጣቶቹ ቀልተው ቆዳቸው ማኮፈስ ጀምሯል።

«ሸምሱ፣ ጣትህ ተቃጥሏል» አልኩት።

የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚያይ አያቸው። «አልተሰማኝም» አለ።

ከዚያ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። እጁን ቧንቧ ሥር ይዘን ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰስንበት። ራቢአን ጠሯት፤ ስትመጣ እንዲህ ብዬህ ነበር አላለችውም። ጃኬቱን ብቻ አለበሰችውና ሐኪም ቤት የሚወስደን ባጃጅ ውስጥ ከመሃላችን አስገባችው።

«አርፈህ ተቀመጥ ይሉኛል» አለ ሸምሱ መንገድ ላይ፣ ቀስ ብሎ። «እሱን ፈርቼ ነው። እጄ ካልሠራ እኔ ምንድን ነኝ?»

ለወራት ያጠራቀምኩት ቁጣ ነበረኝ፤ ለዚህ ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ነበረኝ። በእሱ ፋንታ የጃኬቱን ዚፕ ዘጋሁለት።

ወጣቷ ሐኪም ዶክተር ቤተልሄም ቃጠሎውን አክማ ስታበቃ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ሸምሱ ትንሽ አሰበና «ሰው አማክራለሁ» አለ። ራቢአ «ጸጉር አስተካካይ ነው» ብላ አረመችው። ሐኪሟ ሁለቱን መዳፎቹን ጎን ለጎን አስቀመጠች። የቀኙ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር ያለው ሥጋ፣ ጎድጎድ ብሏል። ስንት ጊዜ ያንን እጅ ጨብጬ አላየሁትም። አንጓውን በጣቷ መታ መታ ስታደርገው እስከ ጣቱ ጫፍ ነዘረው።

«ብርድ አይደለም እንዴ?» አላት።

«ብርድ አይደለም ጋሼ። በአንጓው ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጨቁኖ ነው። ሌሊት ሲቀሰቅስዎት ያኔ መጥተው ቢሆን፣ ማታ ማታ በሚታሰር ድጋፍና በዕረፍት ይሻልዎት ይሆን ነበር። አሁን ድንዛዜው አልለቅም ብሏል፤ ጡንቻውም እየሳሳ ነው። ይህ ዝም ተብሎ የሚጠበቅ አይደለም፤ አነስተኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ስኳርዎንም እናያለን።»

«እጄ ይመለሳል?»

«መባባሱን ልናቆመው እንችላለን። ስሜቱ ቀስ እያለ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሁሉም ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

ስኳሩ ደህና ሆነ። ቃጠሎው ሲድን ቀዶ ሕክምናው ተደረገለት፤ እጁ ብቻ ደንዝዞ፣ እሱ ነቅቶ እያወራ። ነርሷ የእጅ አንጓዋን አሳይታው እንደወጣች ሰምቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ሸምሱ ጸጉር ቤቱን ከፍቶ፣ እጁን በፋሻ አንጠልጥሎ ይቀመጥ ነበር። ጸጉር አይቆርጥም። ሰው ግን ይመጣል፤ ይቀመጣል፣ እጁን ያሳያል፣ ይሰደባል፣ ይሄዳል። ከቤቴ እስከ ታክሲው ድረስ ሌሎች ጸጉር ቤቶች ሞልተዋል፤ ባለቤቶቹን በትሕትና ሰላም እያልኩ አለፍኳቸው። ሚስቴ ባሕታዊ መሰልክ አለችኝ። ጊዜ አጥቼ ነው አልኳት። ጊዜ ያጣ ሰው በየቀኑ ሸምሱ ጋ ምን ያደርጋል አለች፤ ጃኬቴን አንሥቼ ወደዚያው ወጣሁ።

ሐኪሟ ሥራ ይጀምሩ፣ ግን በየመሃሉ እጅዎን ያሳርፉ ያለችው ቀን ሸምሱ የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ቆልፎ መጣ። ጣቶቹ ገና ሙሉ በሙሉ አልተመለሱም። ነጭ ካፖርቱን ለበሰና «ማን ይቅደም?» አለ።

ቤቱ ሙሉ ወንድ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ገመቺስ ያልጮኸ ስልክ አንሥቶ «ሃሎ» እያለ ወጣ። ጣቶቹ በሸምሱ የተረፉለት ሰው ነው እንግዲህ። ሁሉንም በሆዴ ረግሜ ወንበሩ ላይ ወጣሁ።

ሥራው ረጅም ጊዜ ፈጀ። ሸምሱ በየመሃሉ እያረፈ፣ ምላጩ የት እንዳለ በዓይኑ እያረጋገጠ፣ አንዴም ሳያወራ ጸጉሬን ቆረጠኝ። እጁን አላራገፈም። ሲጨርስ ከኋላዬ መስታወት ያዘልኝ። ቀኙ ከፍ፣ ግራው ዝቅ ብሏል፤ ከጆሮዬ ኋላ ያለው ደግሞ ደረጃ ይመስላል።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«ቆንጆ ነው» አልኩት።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ጎኔ የሚቀመጠው ቢኒ ወንበሩን አዙሮ ጸጉሬን ተመለከተ።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገህ?»

«ቡራዩ፣ ከጎማ ጥገናው አጠገብ» አልኩት። «ወረፋ አለው፤ በጠዋት ድረስ።»