አንጀቱን ማን ተቆጣው?

(ላይደን፣ ኔዘርላንድ። ሐሙስ ጠዋት፣ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ። በዚያ አገር ፕሮፌሰሩም ዘበኛውም በስማቸው ነው የሚጠራሩት፤ ሩሎፍ ግን ከተመረቀ ወዲህ «ዶክተር» ካላሉት አይሰማም። ዊቤ የቤተ ሙከራው ባለሙያ ነው፤ ነገር ቶሎ አይገባውም እየተባለ ይታማል። የምሥራች ያለው ሰው ራሱ ጋባዥ ነውና ሩሎፍ የፖም ኬክ ይዞ መጥቷል። ዊቤ አልበላም ካለ ሩብ ሰዓት ሆኖታል።)

ሩሎፍ፦ ብላ እንጂ! ኬክ ፊት ቆሞ የሚያስብ ሰው አንተን አየሁ።

ዊቤ፦ ለምን እንደምበላ ሳላውቅ አይወርድልኝም፣ ዶክተር።

ሩሎፍ፦ እሺ፣ ቀስ ብዬ ላስረዳህ። ይቺ አውራ ጣት የምታህል ፕላስቲክ ምንድን ናት?

ዊቤ፦ ቺፕ።

ሩሎፍ፦ ውስጧስ?

ዊቤ፦ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ሴትዮ የተወሰደ የአንጀት ሴል። ያሳደግኩት እኔ ነኝ።

ሩሎፍ፦ ከሥሩ ደግሞ የደም ወታደሮች አሉ፣ ነጭ ሴሎች። ባክቴሪያ ወደ አንጀቱ ሲገባ ይነሣሉ ወይስ ይተኛሉ? ሦስት ዓመት የለፋሁት ለዚህች ጥያቄ ነው። ዛሬ በማጉያው ባይ ተነሥተዋል፣ አንጀቱን ወረውታል። አምስት ሰዓት ላይ ለፕሮፌሰሯ አቀርባለሁ። ካመነችኝ ሥራዬ ይቀጥላል፤ ካላመነችኝ ቺፑም እኔም ወደየቤታችን።

ዊቤ፦ ግን ምን አስነሣቸው?

ሩሎፍ፦ ባክቴሪያው ነዋ።

ዊቤ፦ የቱ ባክቴሪያ?

ሩሎፍ፦ (ወደ ጣሪያው እያየ) አቤት ትዕግሥት! ትናንት ጨምርበት ብዬ የጻፍኩልህ።

ዊቤ፦ ትናንት ረቡዕ ነበር።

ሩሎፍ፦ ጎበዝ፣ ቀኖቹን ለይተሃቸዋል።

ዊቤ፦ ረቡዕ የአባት ቀኔ ነው። ከልጆቼ ጋር እቤት እውላለሁ፣ ስልክም አልከፍት። የዚህ ሕንፃ አባት ግማሹ እንደዚያው ነው።

(ይህን ሩሎፍም ያውቀዋል፤ ጥድፊያው ነው ያስረሳው። ወሽመጡ ቁርጥ ይላል።)

ሩሎፍ፦ እና... ባክቴሪያው የት አለ?

ዊቤ፦ ፍሪጅ ውስጥ። አሁን ልጨምረው ስል ነው ኬክ ብላ ብለህ የያዝከኝ።

ሩሎፍ፦ ታዲያ ወታደሮቹ የሚወጉት ማንን ነው?

ዊቤ፦ እኔ መቼም ነገር አይገባኝም። ደሙ የማን ነው? የሴትየዋ?

ሩሎፍ፦ ትናንት የሷን ደም የያዘው ሰው ከኡትሬክት ከተማ ሲመጣ፣ ሐዲዱ ላይ ቅጠል ረግፎ ስላዳለጠ ባቡሩ ቆመ። መጠበቅ ታከተኝ። (እጅጌውን ይሰበስባል፤ ክንዱ ላይ ፕላስተር አለ።) የራሴን ቀድቼ ጨመርኩ።

ዊቤ፦ የአንተ ወታደሮች በሴትየዋ አንጀት ላይ? ሰው ቤት በእንግድነት ገብተው ባለቤቷን «አንቺ ማነሽ» ብለው እየደበደቧት ነው ማለት ነው።

(ሩሎፍ ወንበሩ ላይ ዘጭ ይላል። አፍሯል፤ ከማፈሩ ይልቅ ግን ፈርቷል። ሰዓቱን ያያል፣ አራት ተኩል ነው።)

ሩሎፍ፦ ትንሽ ብታገሥ ኖሮ።

ዊቤ፦ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ሩሎፍ፦ ለፕሮፌሰሯ ምን ልበላት?

ዊቤ፦ እውነቱን። ሙከራው ስለ ሴትየዋ አንጀት ምንም ባይነግረንም፣ ስለ አንተ ደም አንድ ነገር አረጋግጧል በላት።

ሩሎፍ፦ ምን?

ዊቤ፦ ሳይጠይቅ እንደሚቆጣ።