ጋሽ ተሳስተሃል እና የእናቴ ሐረግ

ውሃ፣ መብራትና አራሚ የሌለው ሰፈር የለም። ውሃና መብራቱ አንዳንዴ ይጠፋሉ፤ አራሚው ግን ጠፍቶ አያውቅም። ስለ አየሩ ስታወሩ ከኋላችሁ ብቅ ይላል። ስለ ጉልበታችሁ ስታወሩ የት ጋ እንደሚያማችሁ ከእናንተ በላይ ያውቃል። የእኛ ሰፈር አራሚ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ ሰው የለም። በሌሉበት «ክቡር ጋሽ ተሳስተሃል» እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት ግን «ጋሼ» ብቻ፣ ያውም አንገታችንን ደፍተን።

ሱቃቸው ከቤቴ ሦስት በር አለፍ ብላ ያለች፣ ከቁም ሳጥን ብዙም የማትበልጥ ክፍል ናት። ማጉያ መነጽራቸውን ቀኝ ዓይናቸው ላይ ሰክተው፣ አቀርቅረው፣ ጥቅልል የሰዓት ሞላ ሲጠግኑ ይውላሉ። አንዴ ሐኪም የልብ ምታቸውን ቆጥሮ «ሰባ» ቢላቸው፣ «ተሳስተሃል፤ ሰባ ሁለት ነው። ሰዓትህ ይቀድማል» ብለው ሰዓቱን ከእጁ አስወልቀው ይዘው ሄዱ። በማግስቱ አስተካክለው መለሱለት። የጎረቤት ልጅ በሠርጉ ላይ «የተዋወቅነው ማክሰኞ ቀን ነው» ብሎ ንግግር ሲጀምር ደግሞ ከመሃል ብድግ አሉ። «ተሳስተሃል፤ ረቡዕ ነው። ሐሙስ ሰዓትህን ልታሠራ መጥተህ "ትናንት አንዲት ልጅ ተዋወቅኩ" ብለኸኛል።» ሁላችንም ወደ ሙሽራዋ ዞርን። ሙሽራዋ ራሷን ነቀነቀች። ረቡዕ ነበር።

እኔ እንኳ ሃምሳ ዓመት ሞልቶኝ፣ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ኃላፊ ሆኜ፣ «አንቺ ልጅ» ከመባል አልዳንኩም። ስለዚህ ወደ እሳቸው ለመሄድ ሁለት ወር ቢፈጅብኝ አይፈረድብኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ አጥሯ ላይ አንዲት ሐረግ ነበረቻት፤ ከዱር አምጥታ የተከለቻት፣ ችግኝ ሻጮች የማያውቋት የአገር ሐረግ። እናቴ አረፈች። ቤቱ ተሸጠ፣ ፈረሰ፤ አጥሩም አብሮ ሄደ። ከዓመት በኋላ የአዝራር ቆርቆሮዋን ብከፍት ከአዝራሮቹ መሃል ሰባት ጥቋቁር ፍሬዎች አገኘሁ። እናቴ ደግሞ ያየችውን ፍሬ ሁሉ የምታስቀምጥ ሴት ስለነበረች፣ የሐረጓ ይሁኑ የሌላ እርግጠኛ አልነበርኩም። ሦስቱን ተከልኩ። አጠጣሁ፣ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ። ጠጠር የተከልኩ ይመስል ዝም።

የቀሩትን አራቱን በመሐረብ ቋጥሬ ሄድኩ።

«ተሳስተሻል» አሉኝ፣ ገና ቋጠሮውን ሳልፈታ።

«ኧረ ጋሼ፣ ምንም አላልኩም እኮ! የእናቴን ሐረግ ፍሬ ተክዬ አልበቅል ቢለኝ ነው» አልኩና ቋጠሮውን ፈታሁ።

«እንዲሁ ቀብረሻቸዋላ! የአተር ዘመድ ናቸው፤ ልብሳቸው ድንጋይ ነው። ውሃው በየት በኩል ይግባ?»

ከመሳቢያቸው ደቃቅ ሞረድ አወጡና አንዷን ፍሬ፣ ከዓይኗ፣ ከምትበቅልበት ነጥብ፣ በተቃራኒ በኩል፣ ነጭ እስኪታይ ጫር ጫር አደረጓት። ሁለተኛዋንም እንዲሁ። «ውሃ ውስጥ ይደሩ፤ ጠዋት ትከያቸው። እነዚህ ሁለቱ ሞተዋል» ብለው የቀሩትን ወደ መሳቢያቸው ጠረጓቸው። ከጋሼ ጋር ማን ይከራከራል?

«የእናትሽ መሆኗን በምን እንለያለን? ምልክት ንገሪኝ።»

«አበባዋ ሐምራዊ ነው። መሃሉ ላይ ቀንድ አውጣ አለች። ልጅ ሆኜ እናቴ ታሳየኝ ነበር።»

«ተሳስተሻል። ቀንድ አውጣ አበባ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

በስድስተኛው ቀን አንዷ በቀለች! እኔ ጮህኩ፣ ባለቤቴ ሌባ የገባ መስሎት መጥረጊያ ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ወደ ሱቅ ሲሄዱ ማጉያቸውን ሰክተው አጥሬ ላይ ይቆማሉ። «ቅጠሏ ሦስት ሦስት ነው። የአተር የአክስት ልጅ ናት፤ አበባዋን ሳላይ ግን አልፈርምም።» እኔ ለፍቼ ገመዱ ላይ የጠመጠምኳት ሐረግ በነጋታው ተፈታ ስትጠብቀኝም መልሱ ከሳቸው ዘንድ ነበር።

«ተሳስተሻል። በሰዓት አዙሪት ጠምጥመሻት ነዋ! እሷ በተቃራኒው ነው የምትዞረው።» በረዥሙ ተነፈሱ። «አርባ ዓመት ሰዓት ሠርቼ፣ ወደ ኋላ ለምትዞር ፍጥረት ጠበቃ ልቁም?»

እምቡጥ ስትይዝ እንቅልፍ አጣሁ። ልትፈነዳ አንድ ሁለት ቀን ሲቀራት ባለቤቴ አጥሩን ሊያስቀባ ቀለም ቀቢ ጠራ። ከሥራ ስመለስ አጥሩ እንደ ወተት ነጭቷል።

«እትዬ፣ አረሙንም ከነሥሩ ነቅዬልዎታለሁ» አለኝ ቀቢው፣ ምስጋና እየጠበቀ።

ባለቤቴ የጠወለገውን ቁራጭ ብርጭቆ ውስጥ ነክሮ በሩ ላይ ቆሟል።

እግሬ ወደ ጋሼ ሱቅ ወሰደኝ። ምናልባት አንድ ሰው «ተሳስተሻል» እንዲለኝ ፈልጌ ይሆናል።

«ጋሼ፣ አለቀች። ነቀሏት። ሌላ ፍሬ የለኝም።»

«ተሳስተሻል።»

ክንዴን ይዘው ወደ ሱቁ ጓሮ አስገቡኝ። መስኮቱ ሥር የዘይት ጣሳ፣ ከጣሳው እስከ ጣሪያው የተወጠረ ሲባጎ፣ ሲባጎው ላይ ወደ ኋላ እየዞረች የወጣች ሐረግ! ጫፏ ላይ አንድ አበባ ፈንድቷል።

«የሞቱት ሁለቱ...?»

«መለዋወጫ ሳይዝ ሥራ የሚጀምር ሰዓት ሠሪ አይተሻል? ብነግርሽ ደግሞ እዚህም እየመጣሽ በውሃ ታሰምጫት ነበር።»

ከዚያ ማጉያቸውን ከዓይናቸው ነቀሉ፣ በሸሚዛቸው ጠርገው እጄ ላይ አስቀመጡት። በጉርብትና ሃያ ዓመት ኖረናል፤ ፍርዱን ለሌላ ሰው ሲተዉ አይቻቸው አላውቅም።

«የእናትሽን አበባ እኔ አላየሁትም» አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ። እሷ ናት?»

አየሁ። ሐምራዊ ክንፎች፣ እንደ ቢራቢሮ። በክንፎቹ መሃል አንዲት ጠምዛዛ፣ የተጠቀለለች ነገር። እናቴ አበባውን አፍንጫዬ ድረስ አስጠግታ ስትስቅ ታየኝ።

«እሷ ናት፣ ጋሼ» አልኩ እንባዬ ማጉያውን እያደበዘዘው። «ይኸው ቀንድ አውጣዋ።»

ማጉያውን ተቀበሉኝ፤ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው በርቷል።

«ተሳስተሻል» አሉኝ። «ቀንድ አውጣ አይደለችም። የሰዓት ሞላ ናት።»

በሕይወቴ እንደዚያን ቀን መሳሳት ጣፍጦኝ አያውቅም።