የጋዛ ለቅሶ በግሽ አባይ

ከሠርግ የቀረ ሰው ሰበብ ይፈለግለታል። ከለቅሶ የቀረ ግን፣ ራሱ ሞቶ ካልሆነ በቀር፣ ማን ይቅር ይለዋል? እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ስሙን በቅጡ ለማታውቁት ጎረቤት ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ፣ ፊታችሁን አጥቁራችሁ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ። ችግሩ ሟቹ ሩቅ አገር ሲሆን ነው። ለመሆኑ ለቅሶ እስከ የት ድረስ ይደረሳል?

ግሽ አባይ ሰፈር ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤቴ ዘሀራ፣ ጋዛ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከነልጆቹ በቦምብ ማለቁን በስልኳ አየች። በማግስቱ ሱቋን ዘጋች፤ ደጃፉ ላይ ምንጣፍ አነጠፈች፤ በካርቶን ላይ «የጋዛ ሰዎች ለቅሶ ነው። ጦርነት ይቁም» ብላ ጽፋ አቆመችና ተቀመጠች። ድምፅ አውጥታ አታለቅስም፤ እንባዋ ብቻ ይወርዳል። የፈለገችው ሰው መጥቶ አብሯት እንዲያዝን ነበር። እኔማ የሱቃችን ግድግዳ አንድ ስለሆነ ተቀምጫለሁ፤ ግን የቤት ሰው ለቅሶ ደራሽ አይባልም። ሌላው ካርቶኑን እያነበበ አለፈ። ከፋብሪካ ጡረታ የወጡት ጋሼ ጌታሁን ቆም ብለው፣ «የእኛ ሙት አነሰንና ከባሕር ማዶ እናስመጣ?» አሉ። እውነት አላቸው፤ በእኛም አገር ጥይት አላረፈም።

መጀመሪያ ለቅሶ የደረሱት እማማ ጥሩዬ ናቸው። ዓይናቸው ካርቶን አያነብም፤ ጆሯቸውም ከብዷል። መንገድ ላይ «በጋዛ ቤተሰብ በሙሉ አለቀ» ሲባል፣ እሳቸው የሰሙት «በጋዝ» ብለው ነው።

«ወየው ልጆቼን! ይኼ ጋዝ የሚሉት ምድጃ! እንጨት ምን አለን ብዬ ነበር እኮ!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ።

ጆሯቸው ስር ጮኼ አስረዳኋቸው፤ ምድጃ እንዳልሆነ፣ ጋዛ አገር እንደሆነ፣ ሟቾቹም የዘሀራ ዘመድ እንዳልሆኑ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣

«የተረፈ ሰው አላቸው?» አሉ።

«የለም፣ እማማ።»

«ታዲያ እግዜር ያጥናህ የሚባለው ማን ነው?»

እሳቸው ወደ ዘሀራ ዞረው፣ «እንግዲያ አንቺ ነሻ። እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አሉና ለቅሷቸውን እንደገና ጀመሩ፤ በሙሉ ድምፅ።

የእማማ ጥሩዬን ድምፅ ሰምቶ የሚቀር የሰፈር ሰው የለም። ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅም የለም፤ ቀድሞ ይለቀሳል። ምንጣፉ ሞላ። ነገሩ ሲነገራቸውም አንድም ሰው አልተነሣም፤ ከለቅሶ ላይ ብድግ ብሎ መሄድ ነውር ነዋ። ጋሼ ጌታሁን ከሁሉም ኋላ መጡ። ዳር ላይ እንደተቀመጡ ድምፃቸው ተሰበረ።

«ወንድሜ ይፋግ ላይ በተኩስ መሀል ሲሞት፣ መንገድ ተዘግቶ አልሄድሁም» አሉ። «እስተዛሬ አላለቀስሁለትም።»

ዘሀራ ተነሣች። የሐዘኑ ባለቤት የሚቀመጥበትን መሀል ቦታዋን ለቅቃ እሳቸውን አስቀመጠች። «አላህ ያጥናዎት፣ ጋሼ» አለቻቸውና፣ ከለቅሶ ደራሾቹ ጋር ዳር ላይ ተቀመጠች።